ዳይፐር ለሽምግልና

አዋቂ የሚታጠቀው ዳይፐር ሁሉ ሲርስ ጮክ ብሎ እንዲናገር በሕግ ከታዘዘ ወዲህ፣ የከተማው ሽማግሌዎች ሰው ቤት ገብተው ውሃ እንኳ መቅመስ ትተዋል።

አቶ ደምሰው ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ፣ አራት ዓይነት ዳይፐር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በየአንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ገለበጡ። ሦስቱ ጮኸው አንጠባጠቡ። አራተኛው ጠብታ ሳያሳልፍ፣ «ክቡር ተጠቃሚ፣ ረጥበዋል!» ብሎ አምባረቀ።

«ይሄን አዋጅ ነጋሪ ታጥቀህ ነው የሰው ልጅ የምትጠይቀው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት።

«ምን ላድርግ? የሚናገሩት ሁሉም ናቸው። ይሄኛው ቢያንስ ሱሪዬን ያተርፍልኛል።»

አቶ ደምሰው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ልጅቷ ቤት ሄደው ሲጠይቁ፣ አባቷ አቶ ሽብሩ «ሰጥተናል» አሉና ጠላ አስቀዱ። ሽማግሌዎቹ ብርጭቋቸውን ታቅፈው ተቀመጡ።

«ልጄን ስሰጣችሁ መጠጤን ትጸየፋላችሁ? እንግዲያው ቃሌን አንስቻለሁ!»

አቶ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጨለጡት፤ ተቀዳላቸው፤ ደገሙ። ብዙም ሳይቆይ ያ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ሙሽራዪቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

አቶ ሽብሩ ወንበራቸውን አስጠግተው ወደ አቶ ደምሰው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ከየት ነው የገዙት? የኔው እየለፈለፈም ያፈሳል።»