የኪኩኖ ክኒን

«የደም ምርመራዎ ውጤት ጥሩ ነው» ይላል ዶክተሩ፣ ወረቀቱን ወደ ባሌ እያዞረ። «ከአራቱ የሥጋት ምድቦች የመጀመሪያው፣ ዝቅተኛው ላይ ነዎት፣ አባት። የጨጓራዎ የውስጥ ሽፋን አልሳሳም፣ ባክቴሪያም የለም። ጨጓራ የሚያይ ካሜራ መዋጥ አያስፈልግዎትም።»

ባሌ ዮሺማሳ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ሰማሽ እናቱ? ተማሪ ቤት እንኳን አንደኛ ወጥቼ አላውቅም።»

ዶክተሩ ይስቃል። እኔም ለይስሙላ ጥርሴን አሳያለሁ። ኪሴ ውስጥ ግን መቁጠሪያዬን ጨብጫለሁ፣ ጣቴ ከአንዷ ዶቃ አልፎ አይሄድም።

አባቱን የገደለው የጨጓራ ካንሰር ነው። ታላቅ ወንድሙንም። ዮሺማሳ ካሜራ ከሚባል ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ ኖሮ፣ ደም ብቻ ነው የምንወስደው ሲባል ነው ተጎትቶ የመጣው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ እመቤቴን ስለምናት ነበር፣ ጤነኛ ነው እንዲሉኝ። ይኸው አሉኝ።

ጎረቤታችን ኪኩኖ ለጨጓራዋ የሚታዘዝላትን ክኒን ታተርፋለች። እኛ ደሴት ላይ ደግሞ የተረፈ ክኒን እንደተረፈ ዓሣ ነው፣ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ለዮሺማሳም ይደርሰዋል። ነርሷ ደም ስትቀዳው «የታዘዘልዎ መድኃኒት አለ?» ብትለው «ኧረ የለም» አላት። አልዋሸም። ለእሱ ማን አዘዘለት?

እኔም ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ተራ ስንጠብቅ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያነበብኩት። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ የደሙ ውጤት አያስተማምንም ይላል። የታመመውን ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል።

«ሌላ ጥያቄ አለ?» ይላል ዶክተሩ። ዕድሜው የመጨረሻ ልጄን ያህል ነው።

እኛ ጋ ሚስት ባሏን ሐኪም ፊት አታርመውም። ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ እላለሁ በልቤ። ቤት ከገባ ግን አውቀዋለሁ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል እንጂ ወደዚህ አይመለስም። ደግሞስ እመቤቴ የለመንኳትን አይደል የሰጠችኝ? ይሄን ውሰጂልኝ ልበላት?

«ክኒን ይወስዳል» እላለሁ።

«ምን?» ይላል ዮሺማሳ።

«የጎረቤታችንን የጨጓራ ክኒን። ከፋሲካ ጀምሮ በየቀኑ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እሱ ደግሞ ክኒን ሆኖ ነው? ከረሜላ በይው። ኪኩኖ ስንት ዓመት ስትውጠው ኖራ ይኸው እንደ ፍየል ትዘላለች።»

የዶክተሩ ፈገግታ ይጠፋል። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስበዋል።

«ዛሬም ወስደዋል፣ አባት?»

«ከቁርስ በፊት።»

«ደም የሰጡ ዕለትስ?»

«ያን ዕለትም» ይላል ባሌ።

«እንግዲያው ይሄ ውጤት አይሠራም። ካሜራው ገብቶ ካላየን ምንም ልልዎት አልችልም። ማክሰኞ በመርከቡ ናጋሳኪ ወዳለው ሆስፒታል ይሻገሩ፣ እኔ እደውልላቸዋለሁ።»

ዮሺማሳ ዶክተሩን ትቶ እኔን ያየኛል። «አሁን ደስ አለሽ?»

እሱ በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ እኔ ለዶክተሩ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስከተለው መውጫው ላይ፣ ጫማ የምናወልቅበት ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አንዱን ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ከፊት ለፊቱ ተጋድሟል። ግራ እጁን ከጎድኑ ሥር ተጭኖ ይዞታል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ቀና ብሎ ያየኛል። እጁን ግን አያነሳውም።