የማይካፈለው ቁጥር

የሒሳብ ዶክተሩን የአባቱ ሥራ ያሳፍረዋል። ሽማግሌው ደብተራ ናቸው፤ የሰውን ስም ፊደል ወደ ቁጥር ለውጠው ይደምሩና አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን ገድፈው፣ በተረፈው ኮከብ ይቆጥራሉ። «ይሄም ሒሳብ ተብሎ!» ይላል ልጅየው።

ዛሬ ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ እንግዶች ወደ አዳራሽ ጠርቷል። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል፣ መቶ አሃዝ ያለው ቁጥር አግኝቻለሁ ብሎ በትልቅ ባነር አሰቅሎታል። አባቱ ከፊት ተቀምጠው ባነሩን እያዩ በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ።

«አባባ፣ ለእሱም ኮከብ ሊቆጥሩለት ነው?» አለ ዶክተሩ በማይክሮፎኑ። አዳራሹ አውካካ።

ሽማግሌው ቆጠራቸውን ጨርሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ኮከቡንስ ተወው ልጄ» አሉ። «አሃዞቹን ደምሬ በሦስት ብገድፋቸው ምንም አልተረፈኝም።»