የሙከራው ጉልበት

በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን የመጨረሻውን የአሉሚኒየም ቁራጭ መፈልፈል ሲጀምር፣ ባለሙያዋ እጇን ከቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ ማንሳት አቃታት። የሚወጣው ለወንድሟ ሰው ሠራሽ እግር የሚሆን የሙከራ ጉልበት ነበር፤ ከዚህ በፊት የሞከረቻቸው ሁሉ ተሰንጥቀውባታል። የማሽኑ ድምፅ በቀጠነ ቁጥር እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ይላል።

«ኧረ እታለም፣ አደብ ግዢ!» አላት ወንድሟ ክራንቹን ተደግፎ እየሳቀ። «እኔ ባንድ እግሬ ቆሜ፣ አንቺ በሁለቱ መቆም ይቃትሽ?»

ማሽኑ ጸጥ አለ። በሩን ከፍታ፣ ገና ለብ ያለውን ጉልበት አገላብጣ አይታ ወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረችው። አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ግን ቀልዱን ትቶ ጉልበቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክራንቹ ብብቱ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለካ እሱም ሲስቅ የቆየው ፈርቶ ኖሯል። ክራንቹን ተቀብላ ትከሻዋን አስደገፈችው።