ንጋት ላይ የሚያንኳኩ

ሰው ስክሪን የሚለውን ማመን ሲያቆም፣ መጥፎ ዜና በስልክም በቴሌቪዥንም እንዳይነገር ሕግ ወጣ። የትኛውም መሥሪያ ቤት እንደ መርዶ ንጋት ላይ ጎረቤት አሰባስቦ፣ በር አንኳኩቶ ይናገራል። ልጄ ስንሻው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። መጀመሪያ ሰሞን በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ልጄን" እያልኩ እጮህ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ውሃ ሊቋረጥ መሆኑን ያረዳኛል። ሌላ ቀን መብራት፣ ሌላ ቀን የታክሲ ታሪፍ። ኋላ ለመድኩት፤ ንዴቱ ብቻ ቀረ።

ዛሬም ሊነጋጋ ሲል ተንኳኳ። ከፍቼ ጎረቤቶቼን ትርፌንና ጋሽ ደባልቄን ሳይ፣ ፊታቸውን እንኳ ልብ ሳልል ወደ ጓሮ ዞሬ ጀሪካኖቹን ቧንቧው ሥር ደረደርኩ።

"ውሃ ነው መብራት?" አልኳቸው።

"ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አለች ትርፌ።

"ምን ያስቀምጠኛል፤ ሳይሄድብኝ ልቅዳ እንጂ።"

ጋሽ ደባልቄ መጥተው ቧንቧውን ዘጉት። ያኔ ቀና ብዬ ከኋላቸው ፈለግሁ።

"የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬስ?"

"ዛሬ ከመሥሪያ ቤት የመጣ የለም፣ ፈለቀች" አሉኝ። "እኛው ነን።"