ተደብቃ ኮንሰርት የሄደችው ኮከብ

«አንቺ ሴትዮ፣ እያየሽ ቁሚ እንጂ! እግሬን ረገጥሽኝ እኮ!»

ኮከብ ይቅርታ እንኳን አልጠየቀችም… ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ከሰው ጀርባ ሽጉጥ አለች።

የሠፈር ሰው አይቷት ቢሆንስ?

የአዳማ ሜዳ በሰው ተጥለቅልቋል። ነፃ ኮንሰርት ነው… ትኬት የለ፣ ግፊያ እንጂ ሰልፍ የለ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ በየፊቱ ይበትናል፤ ቅር ያለው ግን አንድም ሰው የለም።

መድረኩ ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው?

ቦሰት ባንድ!

ስንት ዘመን ተበትነው፣ «አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ውጭ ሄዷል» ሲባልላቸው የኖሩት እነዚያ ልጆች… ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ቦርጭ አውጥተው ተመልሰዋል።

ኮከብ ስታያቸው ሆዷ ባባ።

በልጅነቷ ለዚህ ባንድ ያልሆነችው የለም። የካሴቱ ክር ሲወጣባት በእስክሪብቶ እየጠመጠመች ነው የሰማቻቸው።

ካገባች በኋላም አልተወቻቸውም። ከጎረቤቷ ከሑስና ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ… ቅዳሜ ልብስ ሲያጥቡ ቴፑን መስኮት ላይ ያስቀምጡና አንዷ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። የኮከብ ባል አለማየሁ «ባንዱ ቢሰማችሁ ሥራውን ይለቅ ነበር» እያለ ይስቅባቸዋል።

ከዚያ… አለማየሁ ሞተ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ዓመቱ ወጣ… ዘመዶቿ ከሏን አስወለቋት። ቀስ በቀስ ገበያ መውጣት ጀመረች፣ መሳቅም ጀመረች። ቤቱ ግን ጸጥ እንዳለ ቀረ።

ሑስናም ተለወጠችባት። ድሮ ሳታንኳኳ ዘው የምትለዋ ሴት፣ አሁን በር ላይ ቆማ በሹክሹክታ «እንዴት አደርሽ?» ትልና ትመለሳለች። ከቤቷ ሙዚቃ ቀርቶ ሳቅ እንኳን አይሰማም።

«ሰለቸኋት» አለች ኮከብ በልቧ። «ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ይፈልጋታል…»

እሷም ቴፑን ልክፈት ትልና ያ ግድግዳ ትዝ ይላታል። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን ከፈተች ብትለኝስ?» እጇ ይመለሳል።

በመጨረሻ አልቻለችም። ሞጆ የሚኖረውን ልጇን ኢዩን «መጥተህ ውሰደኝ» አለችው። ሰኞ ኢሱዙ ይዞ ሊመጣ ተስማምተዋል።

የተዳረችበትን፣ ልጅ ያሳደገችበትን ሠፈር ልትለቅ ነው… ያውም ሳትፈልግ።

ዛሬ ታዲያ ለሑስና «ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ» ብላ… እዚህ ተገኘች።

ባንዱ አንዱን ዘፈን እንደጨረሰ ከመስጊድ አዛን ተሰማ። ድምፃዊው እጁን አነሳ… ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። አዛኑ ሲያበቃ ጊታሩ ቀስ ብሎ ጀመረ።

የቅዳሜው ዘፈን!

ኮከብ ሳይታወቃት አወጣች… ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከኋላዋ አንዲት ሴት ተቀበለቻት።

ደንገጥ አለች። ደግማ አወጣች… ሴትዮዋም ደግማ ተቀበለች።

ዞር ስትል ሻሿን እስከ አፍንጫዋ የሳበች ሴት ከፊቷ ቆማለች።

ሑስና ናት!

ተፋጠጡ።

«ፋርማሲው እዚህ ሆነ እንዴ?» አለች ሑስና።

«አንቺስ? አክስቴን ልጠይቅ ወለንጪቲ እሄዳለሁ አላልሽም?»

«ያ ረቢ… ተያዝኩ!»

ሑስና ልትስቅ ብላ ዐይኗ እንባ ሞላ። «ኮኪዬ፣ በአላህ ይቅር በዪኝ። አለማየሁን ረስቼው አይደለም። ዘፈኑ ናፍቆኝ ነው… እቤት ልጆቼ ኳስ እንኳን ድምፁን አጥፍተው ነው የሚያዩት።»

«ለምን?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ! ባለሐዘኗ ሳትከፍት እኔ በምን ዐይኔ ልክፈት? ዛሬ ትከፍታለች፣ ነገ ትከፍታለች እያልኩ ስጠብቅሽ…»

ኮከብ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሑስና… እኔ እኮ አንቺን ነበር የምጠብቀው!»

«ምን?»

«አንቺ ስላልከፈትሽ! ትታዘበኛለች ብዬ!»

«እና ሞጆ የምትሄጂው…»

«ጠላችኝ ብዬ ነዋ!»

«አንቺ ሴትዮ! እኔ ደግሞ ሐዘኑ አልወጣልሽ ብሎ መስሎኝ… አትሂጂብኝ ማለት ከብዶኝ ተደብቄ ሳለቅስ ነው የከረምኩት!»

ተቃቀፉ… አንዷ ስትስቅ አንዷ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ደግሞ ይቀያየራሉ። እግሯን የተረገጠችዋ ሴትዮ እንኳን አብራ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

ኮከብ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደችና ስልኳን አወጣች።

«ሃሎ ኢዩ… ሰኞ እንዳትመጣ።»

«እማዬ? ምን ተፈጠረ? ደግሞ ምንድነው እንደዚህ የሚጮኸው?»

«ሑስና ናት… እየዘፈነች ነው።»

ወዳጆቼ…

ይሉኝታን አላጣጥልም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አስተሳስሮ ያኖረን እሱ ነው። ሑስና ያደረገችውን የሚያደርግ ጎረቤት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ግን ያከበራችሁት ሰው ማክበራችሁን ካላወቀ፣ ዝምታችሁን እንደ ኩርፊያ ነው የሚቆጥረው። አንድ ጥያቄ ሁለቱንም ነፃ ባወጣቸው ነበር… «እኅቴ፣ ብከፍተው ቅር ይልሻል?» ይኸው ነው!

እስቲ እናንተም በሐቀኝነት ንገሩኝ… «ቅር ይለዋል» ብላችሁ ለማን ስትሉ ነው የምትወዱትን ነገር የተዋችሁት? ያንን ሰውስ አንድ ቀን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ… ያ ሰው ፌስቡክ ላይ ካለም ስሙን ጥሩት፣ እዚሁ ይመልስላችሁ።