አልፈለጉም

ሻምሶ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አንዷን መስመር በጣቷ ትጫናለች። «እዚህ ጋ ምን ይላል፣ ዊዳድ? አንብቢልኝ» ትለኛለች።

ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ታክሲ ይዛ በቀጥታ ወደ እኔ ትኬት ቢሮ መጥታለች፤ ለቀስተኛው ቤቷ ተሰብስቦ እየጠበቃት። ለባሏ ዒዳ ልትቀመጥ ነው፤ አንዴ ቤቷ ከገባች አራት ወር ከዐሥር ቀኑ እስኪሞላ አትወጣም። የምትጠይቀኝን ዛሬ ካልጠየቀችኝ መቼ ልትጠይቀኝ?

ከሦስት ሳምንት በፊት ከባሏ ከዲሪር ጋር እዚሁ ተቀምጠው ነበር፣ እሷ በቀኝ እሱ በግራ። ዲሪር ግንበኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ ይቺ ከተማ ገና ፍርስራሽ ሳለች ጀምሮ የሰው ቤት ሲያቆም ኖሮ፣ ዕረፍት የሚባል ነገር ያሰበው በስልሳ ዓመቱ ነው። ልጆቹ ናቸው ዱባይ ሄዳችሁ አንድ ሳምንት ዘና በሉ ብለው ያስገደዷቸው። ሥራ ፈትቼ ምን ላደርግ ነው እያለ ሲያስቀኝ ነበር። አሁን የግራው ወንበር ባዶ ነው። እዚያው ቀብራው ተመለሰች።

መስመሯን ማንበብ አያስፈልገኝም፤ በቃሌ አውቃታለሁ። ቢሆንም አነብላታለሁ። «የጉዞ ኢንሹራንስ። ቀርቦላቸው አልፈለጉም ይላል።»

«ዱባይ ያሉትም እንደዚያ ነው ያሉኝ» ትላለች።

ትነግረኛለች። በአራተኛው ቀን ደረቱን ያዘው። ሆስፒታሉ መርፌ ሰጥቶ አስተኛው፣ ለቀዶ ጥገናው ግን የኢንሹራንስ ወረቀት ጠየቀ። ይህን ወረቀት ስታሳያቸው አስተርጓሚው፣ ባልሽ ቀርቦለት አልፈልግም ብሏል፣ ፊርማው ይኸው አላት። ልጆቹ ገንዘብ ፍለጋ እዚህም እዚያም ተሯሯጡ። ሦስት ቀን አልበቃቸውም።

«ሦስቱንም ቀን አኮረፍኩት» ትላለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «ለጫት የማይሰስት ሰው ለነፍሱ ሰሰተ ብዬ። እሱ ደግሞ ምን ይለኛል? ጠይቀውኝ ረስቼው ይሆናል፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ይለኛል። ስትድን እናወራለን ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። በማግስቱ ጠዋት ሞተ።»

ገና አልጨረሰችም።

«ጠይቀሽው ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። ጠይቀሽው እምቢ ብሎ ከሆነ፣ አንጀቴ እንደቆረጠ ይቅር።»

ሁለታችንም የድሬዳዋ ልጆች ነን። ድሬ አንቱ አታውቅምና፣ የእናቴ እኩያ ብትሆንም አንቺ እንባባላለን። እዚህ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ በአማርኛ የሆድ የሆዴን የማጫውተው ሰው ከሷ ሌላ የለኝም። አዎ ጠይቄው ነበር ብላት ማን ያሳጣኛል? ዲሪር እንደሆነ ከዱባይ መቃብር ተነሥቶ አይመሰክርብኝ።

አልጠየቅኩትም። ማንንም አልጠይቅም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሁሉንም እጠይቅ ነበር፤ ብትታመሙስ፣ ብትሞቱስ እያልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ገና ሳልነሣ ልትቀብሪኝ ነው ብለው ጥለውኝ ወጡ። አንዷ ሐራም ነው አለችኝ። ሌላው ተወከልቱ ዐለላህ፣ በአላህ ተመክቻለሁ ብሎ ታዘበኝ፤ መጀመሪያ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ ተመካ መባሉን እኔ ነኝ የማስታውሰው? በሰው ላይ ከማሟርት ብዬ ተውኩት። የኢንሹራንሱ ክፍያ የሳምንት ጫት እንኳ አይሞላም። ወሬ የማያልቅብኝ ሴት፣ አንዲት ጥያቄ ሰሰትኩ። ዲሪርም እዚህ ጋ ፈርም ባልኩት ቦታ ፈረመ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እኔን አምኖ ነው።

መሳቢያውን ስቤ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ያዘጋጀኋቸውን ፎርሞች አወጣና ፊቷ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያውን ታያለች። ሁለተኛውን ትገልጣለች፣ ሦስተኛውን። እንግሊዝኛ ባታነብም ያቺን መስመር ከቦታዋ ለይታታለች። ሁሉም ላይ እዚያችው መስመር ጫፍ የእኔ ምልክት አለ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

«የነማን ናቸው?» ትለኛለች። «ስም የላቸውም እኮ።»

«የማንም አይደሉም። ነገ ለሚመጡት ነው።» ከዚያ በኋላ ይወጣልኛል። «አልጠየቅኩትም፣ እትዬ ሻምሶ። እሱ አልፈልግም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩለት።»

ትጮኽብኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። ብትጮኽብኝ፣ ብትመታኝም ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወረቀቶቹን ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ ትመልስልኛለች።

«ጠይቀውኝ ይሆናል አለኝ እኮ» ትላለች በቀስታ። «ያላጠፋውን አጥፍቼ ይሆናል ብሎ ለመነኝ።»

ከጠረጴዛው ዞሬ መጥቼ እግሯ ሥር እንበረከካለሁ። ዕንባዬ ቀድሞኛል። «አውፍ በይኝ» እላታለሁ።

መዳፏን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። አትገፋኝም፣ አትስበኝም።

«ቆይ» ትለኛለች። «መጀመሪያ እኔ እሱን ልለምነው።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ባዶው ወንበር ትዞራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው አይሰማኝም። ውጭ ታክሲው ጡሩንባውን ይነፋል። እኔ ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ ተራዬን እጠብቃለሁ።