የይሄይስ ስንቅ

ጣሊያን ቡሬ ከሰፈረ ወዲህ እታለም አርፋ አታውቅም። ገብስ ቆልታ በሶ ትፈጫለች፤ እንጀራ በፀሐይ አድርቃ ድርቆሹን በስልቻ ትሞላለች። ስንቁ ዱር ቤቴ ብሎ ለወጣው ባሏ ለይሄይስና ለጓደኞቹ ነው።

አንድ ቀን ከወፍጮው ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ይሄይስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ለመደንገጥ እንኳ አቅም አልነበራትም።

«በደህና መጣህ?»

«ራበኝ» አላት።

ድርቆሽ በውሃ አርሳ ሰጠችው፤ በላ። በሶ በጠበጠችለት፤ ጠጣ። አሁንም «ራበኝ» አለ። ኋላማ ስልቻውን ራሱ ፈትቶ ደረቁን ይቆረጥም ጀመር።

«ለጓደኞችህም አስብ እንጂ። ይህን ለማድረስ ስንት ደከምሁ» አለችው። ቀና ብሎም አላያት። የቀረችውን ገብስ ልትቆላ ተነሣች።

ይኸኔ ከአጥሩ ውጭ ሰው ተጣራ።

«እታለም፣ ስንቁን ቶሎ አቀብይኝ። ጣሊያን መንገድ ላይ ነው።»

በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየች። ይሄይስ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ከስቶ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

ከኋላዋ የድርቆሹ ድምፅ ቆመ።

«አትክፈቺለት» አላት፣ ምድጃው አጠገብ ያለው።